ስለ ገደሉና ስለ ገመዱ የገጠምኩት ሙግት

በምኖርበት ቤት ውስጥ እኔን የሚጠይቅ ሰው የለም። ጨው ሲያልቅ እጠየቃለሁ፤ የበሩ ቁልፍ ሲጠፋ እጠየቃለሁ፤ የአማቼ ካልሲ አንዱ እግር የት እንደገባ ሳይቀር እኔ ነኝ የምጠየቀው። ትልቅ ነገር ሲመጣ ግን እኔ ወንበር ነኝ፤ በላዬ ላይ ይነጋገራሉ። ፊደል የለየሁት የልጅ ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ከእሷ ደብተር ላይ አብሬ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ ስለማላውቅ የተማረ ሰው ፊት አፍ የላትም ተብሎ ይታሰባል። አፍ እንዳለኝ የቀመሰው ያውቃል።

የልጅ ልጄን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ፣ ያለችኝ አንዲት ልጅ፣ ታማ ስትሞት ሕፃኗ ገና ጥርስ አላወጣችም ነበር። ያኔ ጓዜን ጠቅልዬ አማቼ ቤት ገባሁ፤ እስከ ዛሬ አለሁ። አማቼ ክፉ ሰው አይደለም። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በማጉያ መነጽር ሲያይ ይውልና ቤት ሲገባ ፊቱ የቆመ ሰው አይታየውም። ልጅቷ ከኋላዬ ስለማትጠፋ ጭራ እላታለሁ። ሰባተኛ ክፍል ደርሳም ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን ተሸክሜ ትምህርት ቤት በር ድረስ የማደርሳት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ይቺ ልጅ ዕቃዋን በጀርባዋ አዝላ ተራራ ልትወጣ፣ ሜዳ ላይ ልታድር፣ በገመድ ገደል ላይ ልትንጠለጠል መሆኑን ከማን የሰማሁ ይመስላችኋል? ከጫማ ሰፊው።

የጫማዬ ተረከዝ ላልቶ ነበርና ልሰጠው ሄድኩ። ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ሱቅ ናት፤ ማስቲሽና ቆዳ ይሸታል፤ ለደንበኛ ያለችው አንዲት በርጩማ ብቻ ናት። በርጩማዋ ላይ ፀጉሯን ያሳጠረች ወጣት በባዶ እግሯ ተቀምጣለች። ጫማዋ እሱ እጅ ላይ ነው።

ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ጭራዎ ተራራ ልትወጣ ነው አሉ» አለኝ።

«የምን ተራራ?»

«አባቷ ትናንት ሶሉን አጠንክርልኝ ብሎ ጥሎልኝ ሄደ እኮ።» ከመደርደሪያው ላይ ወፍራም ቡትስ ጫማ አውርዶ አሳየኝ። ልኩ የጭራ ነው። ቤታችን ውስጥ ግን አይቼው አላውቅም።

«ምን ልታደርግበት?»

«እሷን ይጠይቋት» ብሎ በመዶሻው ወደ ወጣቷ ጠቆመ። «የስፖርት አስተማሪያቸው ናት። ልጆቹ ፍየሏ ነው የሚሏት። ድንጋይ ላይ ስትወጣ ቢያዩአት በስሙ ይስማማሉ።»

ወጣቷ ተነሥታ በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ቆመች። «ይቀመጡ እማማ» አለች። አልተቀመጥኩም። የምጣላውን ሰው ወንበር አልቀበልም።

«ልጄን ለገደል የምትሰጫት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ። በየዓመቱ ሰባተኛ ክፍሎችን እወስዳለሁ። ዕቃቸውን ራሳቸው ተሸክመው ይሄዳሉ፣ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፣ መጨረሻ ላይ በገመድ ገደል ይወጣሉ። አባቷ ፈቅደዋል።»

«አባቷ ካልሲውን የት እንዳወለቀ የማያውቅ ሰው ነው።»

ጫማ ሰፊው ሳቁን ዋጠ።

«ልንገርሽ» አልኳት። «እኔ በዚህች ልጅ ዕድሜ ሸክም ተሸክሜያለሁ። መሬት ላይ ተኝቻለሁ። ዝናብ ወርዶብኛል። ትምህርት ቤት ልኮኝ አይደለም፤ ምርጫ ስላልነበረኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የለፋሁት ደግሞ እሷ ፍራሽ ላይ እንድትተኛ ነው። አሁን አንቺ መጥተሽ ከፍራሿ አውርደሽ መሬት ላይ ልታስተኚልኝ? ያውም በትምህርት ስም? ችግር ናፍቋችሁ እንደሆነ እኛን ጠይቁን፣ ምን እንደሚመስል ቁጭ ብለን እናወራላችኋለን።»

«እውነትዎን ነው» አለች።

ይበልጥ ተናደድኩ። እየተከራከረኝ እውነትሽን ነው የሚለኝ ሰው ሊያታልለኝ እንደሆነ ይገባኛል።

«እውነትዎን ነው እማማ፤ የእርስዎን ሸክም ሰው ነው የጫነብዎት። እሱን ለማንም ልጅ አልመኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ ሰው ይፈራሉ?»

«እኔ? ማንን ብዬ?»

«ጭራ ግን ትፈራለች። በሳይንስ ፈተና ላይ ፈታኟ እኔ ነበርኩ። እስክሪብቶዋ ቀለም ጨረሰ። ደወል እስኪደወል እጇን አጣጥፋ ቁጭ አለች፤ እኔ ጽፋ የጨረሰች መስሎኛል። ወረቀቱን ስሰበስብ ግማሹ ባዶ ነው። ለምን ሌላ አልጠየቅሽም ስላት ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ማንም አልመጣም› አለችኝ።»

ማንም አልመጣም። ቃሉ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ግን መሸነፌን ላሳያት?

«ታዲያ እስክሪብቶ ስላልጠየቀች ገደል ላይ ትሰቀል? ሁለት እስክሪብቶ መያዝ አይቀልም?»

«እሱስ ልክ ብለዋል» አለ ጫማ ሰፊው።

«አንተ አርፈህ ስፋ» አልኩት።

ፍየሏ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጠዋት በራችን ላይ ቆሜ አያለሁ እማማ። አያቶችና ሠራተኞች ቦርሳ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ልጆቹ እጃቸውን እያወናጨፉ ከኋላ ይከተላሉ። ቦርሳውን እየተቀበልን፣ የጫማቸውን ክር እያሰርን፣ ብርቱካኑን እየላጥን ያሳደግናቸው ልጆች፣ አንድ ቀን የሆነ ነገር ሲጎድልባቸው ቁጭ ብለው ሰው ይጠብቃሉ። እኔ ሸክም አላስተምርም። የራስን ዕቃ ራስ መያዝን ነው የማስተምረው።»

ብርቱካን የሚልጠው ማን እንደሆነ ማን ነገራት? ጫማዬን ሳላሰፋ ወጣሁ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄድኩ። የቢሮው በር በቆዳ የተለበጠ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ መስታወት ተነጥፏል፤ እሱ መስታወቱ ላይ አጎንብሶ ይፈርማል። እስኪጨርስ ቆምኩ። ሲጨርስ ሌላ ወረቀት ሳበ።

«ልጅ ገደል ላይ አይሰቀልም» አልኩት። «ይሄን ጉዞ ያስቡበት። ማን እንደሚጠብቃቸው፣ ማን እንደሚይዛቸው ለቤተሰብ ሳይነገር ልጅ አይወሰድም።»

«እሺ እናቴ፣ እሺ። አቤቱታዎን ይዘናል» አለኝ፣ እየፈረመ።

ከአፉ የወጣው እሺ በጆሮው የገባ አልመሰለኝም። ምን ያህል እንደተሳሳትኩ በኋላ ነው ያየሁት።

ማታ ራት ላይ አማቼን ያዝኩት። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎት እምቢ ይሉ ነበራ እማማ።»

«ታዲያስ?»

«እምቢ እንዳይሉ ነዋ ያልነገርኩዎት።»

«እናቷ ብትኖር ይሄ አይደረግም ነበር።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «እናቷ ብትኖር» አለ ቀስ ብሎ፣ «አብራት ትሄድ ነበር።»

ልጄን አውቃታለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ያንን ከእሱ አፍ መስማት ምግቤን አመረረብኝ፤ ሳህኔን አንሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ቅዳሜ ልምምድ ነበራቸው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ገደል አለ፤ ገመዱን የሚለማመዱት እዚያ ነው። ለጉዞው የሚይዙትን ሁሉ በጀርባቸው አዝለው እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። እንግዲህ መሄዷ ካልቀረ ባዶዋን አትሄድም ብዬ ቦርሳዋን እኔው ሞላሁት። ወፍራሙን ብርድ ልብስ፣ ጃንጥላ፣ የብረት ድስት፣ ስኳር፣ ትርፍ ሹራብ። አባቷ በላዩ ላይ የመድኃኒት ሣጥን ጨመረበት፤ በዚህስ ተስማማን። አልዘጋ ሲል ተቀመጥኩበት። ጭራ ቆማ ታየናለች፤ ምንም አላለችም። መች ምንም ብላ ታውቃለች።

«ራሳችሁ ተሸከሙ ተብለናል እምዬ» ብላ ብቻዋን ወጣች። በመስኮት ሳያት ቦርሳው ወደ ኋላ እየጎተታት ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነው የሄደችው። ትንሽ ታገሥኩ። ከዚያ ሻሼን አስሬ ላመጣት ተነሣሁ።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ገና ከሩቅ ሲያየኝ መሳቅ ጀመረ። «እማማ፣ ሱቅዎን እኔ ዘንድ አራግፋ ነው የሄደችው።»

እውነትም ዕቃዬ ከወንበሩ አጠገብ ተደርድሯል። ድስቱ፣ ጃንጥላው፣ ብርድ ልብሱ።

«ማን አውጪ አላት?»

«ማንም። እዚህ ስትደርስ በጀርባዋ ወደቀች፤ እንደ ጢንዚዛ እግሯን ስታወራጭ ቆየች። እኔ ላነሣት ስል ‹ተወኝ› አለችኝ። ከዚያ ተቀምጣ አንድ በአንድ እያወጣች፣ ‹ይሄ ያስፈልገኛል፤ ይሄ የእምዬ ፍርሃት ነው› እያለች ለየችው። ድስቱ የእርስዎ ፍርሃት ነው ተብሏል። የመድኃኒት ሣጥኑ የአባቷ። ስኳሩን ለእኔ ሰጠችኝ።»

«ስኳሩ የማን ፍርሃት ነው?»

«እሱን ሳልጠይቅ ነው የተቀበልኩት» አለ።

ጥዬው ሄድኩ።

ገደሉ ጋ ስደርስ ጭራ ወደ ላይ ወጥታለች። ሄልሜት አድርጋ፣ ገመዱ ወገቧ ላይ ካለው ቀበቶ ጋር ታስሮ፣ ግድግዳው ላይ እንደ እንሽላሊት ተለጥፋለች። አንድ እግሯ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ይንቀጠቀጣል። ገመዱ ወደ ላይ ወጥቶ፣ አናቱ ላይ ባለ የብረት ቀለበት ዞሮ ወደ ታች ይመለሳል። ታች ሆኖ የያዘው ማን ነው? የባለ ዳቦ ቤቱ ልጅ። ይቺን ልጅ ሰፈሩ በሙሉ ቁንጫ ነው የሚላት። የዳቦ ሰልፍ ላይ እንኳ አንድ ቦታ መቆም አትችልም። የእኔን መስኮት በኳስ የሰበረች እሷ ናት። የልጄ ልጅ ነፍስ እሷ እጅ ላይ ተንጠልጥላለች።

ጮህኩ። «ጭራ፣ ውረጂ። በግራ በኩል ርገጪ። በግራ።»

ጭራ ድምፄን ሰምታ ወደ ታች ዞረች። በዚያው ቅጽበት ቁንጫ «ቀኝ እግርሽን አንሺ» ትላታለች። የማናችንን ትስማ? ግራዋን አነሣች፣ ቀኟም ከዳት፣ ተንሸራተተች።

ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። ገመዱ ውጥር ብሏል። ጭራ አየር ላይ ናት፤ ቁንጫ አንድ እርምጃ ተጎትታ፣ እግሯን ተክላ ቆማለች። ዓይኗን ከጭራ ላይ አልነቀለችም። ያቺ የማታርፍ ልጅ። ፍየሏ ከኋላዋ የገመዱን ትርፍ ይዛ ቆማለች፤ ግን መሳብ እንኳ አላስፈለጋትም።

እንደገና አፌን ልከፍት ስል ከላይ ድምፅ መጣ።

«እምዬ፣ ዝም በይልኝ። የምሰማው ቁንጫን ነው።»

በዕድሜዬ ዝም በይ ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ ዝም ያልኩለት ግን የለም። ለዚያች ልጅ ዝም አልኩላት። የሻሼን ጫፍ ነክሼ ቆምኩ። ፍየሏ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ሕጋችን ነው እማማ። ድንጋዩ ላይ ያለ ልጅ ገመድ የያዘለትን ሰው ብቻ ነው የሚሰማው። ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። እኔም ጭምር» አለች።

ጭራ እጇን መልሳ ድንጋዩ ላይ አገኘች። ከዚያ ሰፈር በሚሰማው ድምፅ፣ «አጥብቂልኝ። ፈርቻለሁ፣ ትንሽ ልረፍ» አለች።

«ይዤሻለሁ፣ ዕረፊ» አለች ቁንጫ።

ይሄ እስክሪብቶ መጠየቅ ያቃተው አፍ ነው። እኔ አሥር ጊዜ ምን ሆንሽ ስላት ምንም የሚለኝ አፍ ነው። ፈርቻለሁ ሲል ሰማሁት፤ የሚፈልገውንም በስሙ ጠርቶ ሲያዝዝ ሰማሁት። ከዚያ ቀኝ እግሯን አነሣች፣ ወጣች፣ ያንን የብረት ቀለበት በመዳፏ መታችው።

ስትወርድ ወደ እኔ የምትሮጥ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ነበር። እሷ ቀበቶዋን አጥብቃ፣ ገመዱን ከቁንጫ እጅ ተቀብላ፣ በተራዋ ልትይዝላት ቆመች። እጄን አጠፍኩ።

ልምምዱ ሲያልቅ ልጆቹ ገመድ እየጠቀለሉ ሳሉ ፍየሏን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። አሁን የምንቀመጥበትን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ገመዱ ቢበጠስስ?»

«ጠዋት ጠዋት ከዳር እስከ ዳር በእጄ ዳብሼ ነው የማወጣው። ቅር ያለኝን እቆርጠዋለሁ። ያም ሆኖ አልዋሽዎትም እማማ። ጉልበት ይላጣል፣ እግር ወለም ይላል። አንድ ልጅ እጁ ተሰብሮብኝ ያውቃል። ምንም አይፈጠርም የሚልዎት ሰው ካለ አይመኑት።»

የተማረ ሰው እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሌሎቹ እንደ ሕፃን እሹሩሩ ነው የሚሉኝ።

«ለምን ታዲያ ለልጅ ታስይዣለሽ? ጉልበቱም ዕውቀቱም ያለው አንቺ ጋ ነው።»

«እኔ ብይዝ ጭራ መውጣት ትማራለች። ቁንጫስ? ክፍል ውስጥ ወንበር በተሰበረ ቁጥር የሚጠራው ስሟ ነው። አምኖ ብርጭቆ እንኳ የሚሰጣት የለም። እኔ ግን ሰው ሰጠኋት። ስትይዝ አላዩአትም?»

አይቻታለሁ። ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቅም። «ማታስ? ወንድና ሴት አንድ ላይ?»

«ድንኳናቸው የተለያየ ነው። የሴቶቹ በር ላይ እኔ እተኛለሁ፤ የወንዶቹ በር ላይ የሒሳብ አስተማሪው።»

«ደካማ ልጅ ቢኖርስ? መንገድ ላይ ልትጥሉት ነው?»

«ከፊት ነው የምናስቀድመው። ሰልፉን የሚመራው ቀርፋፋው ነው፤ ጎበዞቹ በእሱ እርምጃ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ይነጫነጫሉ። ኋላ ላይ ራሳቸው ውሃ ጠጣህ ወይ እያሉ ይጠይቁታል።»

ሌላ የምጠይቀው አጣሁ። ይሄም አናደደኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እጄ እንደ ልማዱ ወደ ቦርሳዋ ሄደ። «ተይው እምዬ» አለች ጭራ። እኔ ከዘበኛው የተቀበልኩትን ድስት ይዣለሁ፤ ከባድ ነው፣ እጄን ቆርጦኛል። «እንግዲያውስ ይሄን ያዢልኝ» ብላት፣ «ድስቱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ተሸከሚ» ብላኝ ሣቀች። ጥርሷ ሁሉ ታየ። እኔም ሳልወድ በግድ ሣቅሁ፤ ኋላ ግን ሰፈር ስንደርስ ተቀብላኛለች።

እናንተ ጠዋት ጠዋት ቦርሳ ተሸክማችሁ የማገኛችሁ አያቶች፣ ይሄን ለእናንተ ነው የምጽፈው። ፍቅር ነው እንላለን። ፍቅርማ ነው። ግን የልጁን ጀርባ ቀምተን፣ እጁን ቀምተን፣ በእሱ ፋንታ ፈርተን፣ በእሱ ፋንታ ጮኸን፣ መጨረሻ ላይ ለምን አፍ የለውም ብለን እናማርራለን። አፉን የያዝነው እኛ ነን። እኛን መከራ ነው ያጠነከረን፤ ለእነሱ መከራ ባንመኝም መጠንከሪያ ግን ልንነፍጋቸው አይገባም። ይሄንን ስል ደስ ብሎኝ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄ ነው የምለው።

ንዴቱ ገና ነበር። ሰኞ ጭራ ከትምህርት ቤት መጥታ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አላለቀሰችም። ብርቱካን አመጣሁላት፤ ሳልልጥ። አልነካችውም።

«ምን ሆንሽ?»

ድሮ ቢሆን ምንም ትላለች። ተነሥታ ተቀመጠችና ዓይኔን አየችኝ። «ማስታወቂያ ተለጠፈ። በወላጆች አቤቱታ ምክንያት ሴቶች ጉዞው ላይ አይሄዱም ይላል። ወንዶቹ ብቻ ናቸው የሚሄዱት። ቁንጫ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። እምዬ፣ ያመለከተችው የአንቺ አያት ናት አሉኝ።»

«እኔ ሴት አላልኩም» አልኩ።

«ታዲያ ምን አልሽ?»

ምን አልኩ? ልጅ አልኩ። ማን እንደሚይዛቸው ይነገረን አልኩ። ያ ሰውዬ ቀና ብሎ ሳያየኝ ቃሌን ወስዶ፣ ግማሹን ጥሎ፣ ሌላ ግማሽ ከራሱ ጨምሮ፣ በእኔ ስም ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ዕድሜዬን ሙሉ ባለ ቢሮ ሰው አንድም ቀን ሰምቶኝ አያውቅም። የሰማኝ ዕለት ደግሞ ልጄን ሊያስርልኝ ሰማኝ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ጭራ ቦርሳዋን ይዛ ቀድማኝ ሄደች። እኔ ባዶ እጄን ተከተልኩ። ጸሐፊዋ «ቀጠሮ አለዎት?» ስትለኝ «እሱ ነው ከእኔ ጋር ቀጠሮ ያለው» ብያት ያንን የቆዳ በር ገፍቼ ገባሁ።

ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አለ። «እናቴ፣ አቤቱታዎ ተፈጽሟል እኮ። ሊያመሰግኑኝ ነው?»

«እኔ ምን ብዬ ነው ያመለከትኩት?»

«ስለ ሴት ልጅዎ ደኅንነት…»

«ሴት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ልጅ ነው ያልኩት። ሴቱን ከየት አመጣኸው?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አንተ ስላልኩት ይሆናል። «ይረዱኝ እናቴ። የሴት ልጅ አደራ ከባድ ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር ቤተሰብ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ወንዶቹ ቢወድቁ ይነሣሉ።»

«ሴቶቹስ ሲወድቁ አይተሃል?»

«አላየሁም፤ እንዲያ እንዳይሆን ነው እኮ…»

«እኔ አይቻለሁ። ልጄ ስትወድቅ ቆሜ አይቻለሁ፤ የባለ ዳቦ ቤቱ ልጅ ደግሞ ስትይዛት አይቻለሁ። ገደሉ ከዚህ መስኮትህ ይታያል። አንድ ቀን ተነሥተህ አይተህ ታውቃለህ?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። መጋረጃው ተዘግቷል። «የሥራ ብዛት ነው» አለ።

«ሥራህ እዚያ ነው። ስማኝ፤ እኔም ባንተ ቦታ ነበርኩ። ደጅ እንዳትወጣ፣ ነፋስ እንዳይነካት ብዬ ያሳደግኳት ልጅ መናገር ረስታ ነበር። ያንን ገደል ስትወጣ ፈርቻለሁ አለች፤ ያዢልኝ አለች፤ እኔን ራሴን ዝም በይ አለች። ዕቃዋን ለይታ የማያስፈልጋትን ጥላ ሄደች። የጓደኛዋን ነፍስ በእጇ ይዛ ዓይኗን አልነቀለችም። ትናንት ደግሞ ያንን ወረቀትህን አንብባ ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ፤ አልተደበቀችም። አንተ አሁን ይሄ ለወንድ ይፈቀዳል፣ ለሴት አይፈቀድም ልትላት ነው? ነገ ወንዶቹ አፍ አውጥተው፣ ጀርባ አውጥተው ሲመለሱ፣ ሴቶቹ እዚህ ቁጭ ብለው ማን ይምጣላቸው?»

«እናቴ፣ አንዴ የተወሰነ ነገር ነው። ሌሎች ወላጆችም ቢያመለክቱ…»

«ሌላ ያመለከተ አለ?»

ወደ ወረቀቶቹ አጎነበሰ።

«የለም። እኔ ብቻ ነኝ። በእኔ ስም ከከለከልክ በእኔ ስም ትፈቅዳለህ።»

«እሺ፣ እሺ እናቴ፤ እናስብበታለን። ዘበኛውን እልክና…»

«ዘበኛው አይደለም የለጠፈው፤ አንተ ነህ የፈረምክበት። እሺህን አውቃታለሁ፤ አታታልለኝም፣ እዚህ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። አሁን የዕረፍት ደወል ሲደወል ልጆቹ ሁሉ ግቢ ይወጣሉ። ያኔ ከዚህ ወንበር ተነሥ፤ ሴቶቹም ወንዶቹም እያዩህ በገዛ እጅህ ያንን ወረቀት ቀድደህ አውርደው። ከዚያ ፍየሏን ጥራትና ሁሉም ይሄዳሉ ብለህ ጮክ ብለህ ንገራት። ጮክ ብለህ፤ እኔ እዚህ ሆኜ እንድሰማህ።»